በረኛው ማን ነበር?

እኛ ገፈርሳ ያደግን ልጆች በረኛ የምንመርጥበት ሕግ ነበረን። የትም አልተጻፈም፤ ግን ከተጻፉት ሁሉ በላይ ይከበር ነበር። ሁለት ጎበዞች የቡድን አባት ይሆኑና ተራ በተራ ይመርጣሉ። መጀመሪያ ጎል አግቢው ይመረጣል፣ ቀጥሎ አብዶኛው፣ ከዚያ ኳሷን ያመጣው ልጅ (መጫወት ባይችልም ኳሷ የሱ ናትና)፣ ከዚያ ረጅሙ። በመጨረሻ ማንም ያልፈለገው አንድ ልጅ ይቀራል። እሱ በር ይቆማል። ሦስት ጎል ሲገባበት ይሰደብና ሌላ ይተካል። ሦስት ኮርና አንድ ሪጎሬ ስለሆነ ደግሞ ሦስቱ ጎል ብዙም አይቆይ።

ገፈርሳ የት ነው ለምትሉ፣ ከአስኮ ተነስታችሁ በአምቦ መንገድ ቡራዩን ስታልፉ ውኃ የሚታያችሁ ቦታ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው፤ እኛ ግን ጎሽ አይተን አናውቅም፣ ሜዳችን ላይ ያየነው ላም ብቻ ነው። ግድቡ በ1930ዎቹ ተሠርቶ አዲስ አበባን ውኃ ሲያጠጣ ኖሯል። ለእኛ ግን ግድብ ማለት ኳስ የሚገባበት ጉድ ማለት ነበር። ቋሚዎቻችን ሁለት ድንጋዮች፣ አግዳሚያችን በረኛው እጁን ሲዘረጋ የሚደርስበት ከፍታ ነው (በዚህ ስንት ጠብ ተነስቷል!)። ኳሷ ከድንጋዮቹ ኋላ ሄዳ አጥር ከተሻገረች ዘበኛውን ለምኖ የሚያመጣት ያው በረኛው ነው።

ይህን ሁሉ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ከመካከላችን አንዱ ድንገት አንድ ጥያቄ ጣለ፤ «የአፍሪካን ዋንጫ የበላን ጊዜ በረኛችን ማን ነበር?» ሁላችንም ጸጥ አልን። በየካፌው ስለ ኳስ ስንፈላሰፍ የምንውል፣ የማንቸስተርን ተቀያሪ በረኛ ስም ከነአባቱ የምንጠራ ሰዎች ነን እኮ! ጥያቄውን ይዘን የሰፈራችን አዛውንት ዘንድ ሄድን። እሳቸው ቆጠሩ፤ «መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ግርማ ተክሌ፣ ጌታቸው ወልዴ፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን…» እያሉ በጣታቸው ወደ ኋላ መጡ። ኪፍሎም አርአያን፣ አስመላሽ በርሄን፣ በርሄ ጎይቶምን ጠሩ። አሥር ጣት ሞላ። ከዚያ እጃቸውን አዩት። «አንድ ቀረኝ ልበል?» አሉ።

የቀረው ጊላሚካኤል ነው። በአሰላለፍ ዝርዝር ላይ ስሙ ከሁሉም በላይ የሚጻፈው፣ ቆጠራ ላይ ግን መጨረሻ የሚታወሰው ሰው።

እስቲ ወደ ዘመኑ እንመለስ (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ተጫዋች አገሮች ሦስት ብቻ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሳቢያ ስትታገድ ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው ግን ጉድ ነበር። ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አድ ዲባ የሚባል አጥቂ አራቱንም ብቻውን አገባ። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ስንገናኝ እንደገና 4 ለ 0። ደምሩት፤ በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል፣ እኛ ምንም። በዚያው ውድድር ሱዳንም አንድ አከለችብን። እንግዲህ የኢትዮጵያን በር መጠበቅ በዚያን ጊዜ ምን ዓይነት ሥራ እንደነበር ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ መጣ። ጥር 1954 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም። አገሮቹ አራት ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የመጣችው ግብፅ። አሠልጣኛችን ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሩት ይድነቃቸው። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ የአሥመራ ልጆች ነበሩ። ጥር 6 ቀን እሑድ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን። ከሳምንት በኋላ፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 13 እሑድ ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ሆነ።

ይህን ጨዋታ ሁሌም ከአጥቂዎቹ ወገን ነው የሰማነው። እኛ ዛሬ ከበሩ ወገን ቆመን ልናየው ፈለግን፤ እናንተም ለአፍታ ከጊላሚካኤል ኋላ ቁሙ።

35ኛው ደቂቃ ላይ ባደዊ አብደልፈታህ አገባብህ። ስምንቱ ጎል ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ደቂቃ ያህል የአንተ ሰዎች በሩቁ በር ሲሞክሩ ታያለህ፤ ምንም ልትረዳቸው አትችልም። ጥሪህ እንኳ አይሰማም። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲየሙ ምን እንደሆነ መገመት ነው። ልብ በሉ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ጎል አግቢው ይታቀፋል፣ አማካዩ ይሳማል፣ በረኛው ግን ከመቶ ሜትር ግድም ወዲህ ብቻውን ይዘላል። ደስታው ገና ሳይበርድ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ ቆይቶ፣ 75ኛው ላይ ያው ባደዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ።

አንድ ደቂቃ! ከዚህ የከፋ ጎል ያለ አይመስለንም። ገና ሲጀመር የሚገባ ጎል ሰበብ አለው፤ መጨረሻ ላይ የሚገባውም ድካም ነው ይባላል። ሕዝብ እየጨፈረ ሳለ የሚገባው ግን የሚለጠፈው በረኛው ላይ ነው። በሰፈራችን ሕግ ቢሆን ጊላሚካኤል አንድ ጎል ሲቀረው ነው።

ታሪክ መጻሕፍት ከዚህ በኋላ የሚሉትን ታውቃላችሁ። 84ኛው ላይ አምበሉ ሉቻኖ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት 101ኛው ላይ ወንድሙ ኢታሎ፣ 117ኛው ላይ መንግሥቱ ወርቁ አከሉ፤ 4 ለ 2። ጃንሆይ ዋንጫውን ለሉቻኖ ሰጡ። ሁሉም ትክክል ነው። እኛ ግን የምንጨምረው ሌላ ሒሳብ አለን። ከ75ኛው እስከ 120ኛው ደቂቃ አርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሙሉ አንድ ግማሽ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሁለቱ የመጀመሪያ ዋንጫዎች ባለቤት የሆነችው ግብፅ አንድም ጎል አላገባችም። ባደዊ ከመንግሥቱ ወርቁ እኩል በሦስት ጎል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ የሆነ አጥቂ ነው፤ ሦስተኛውን ለራሱ የሚያገባበት ጊዜ ሞልቶት ነበር። ያልገባ ጎል ግን በመዝገብ አይጻፍም። ደቂቃ የለውም፣ አግቢ የለውም። የበረኛ ታሪክ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጻፍለት የተሸነፈበት ብቻ ነው። ጊላሚካኤልን በመዝገብ ብትፈልጉት የምታገኙት «ባደዊ 35፣ 75» የሚለውን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ የወርቅ ኳስ ሽልማት ታሪክ የተሸለመው በረኛ አንድ ብቻ ነው፤ የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን፣ እ.ኤ.አ. በ1963። ከዚያ ወዲህ ስንት በረኛ አልፏል! በዚህ ረገድ አፍሪካ የተሻለች ናት ማለት ይቻላል። የካሜሩኑ ቶማስ ንኮኖ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1982፣ የሞሮኮው ባዱ ዛኪ በ1986 የአህጉሩ ኮከብ ተብለዋል።

ሥራው ራሱም ዝም ብሎ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። በጥንቱ የእንግሊዞች ሕግ በረኛ ኳስን በራሱ ሜዳ የትም ቦታ በእጁ ሊነካ ይችል ነበር፤ በቅጣት ክልሉ ብቻ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ጊላሚካኤል በቆመበት ዘመን ተከላካይ ሲጨንቀው ኳሷን ወደ ኋላ ይሰጣል፣ በረኛው በእጁ ይይዛታል፣ ሁሉም ትንፋሽ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ይህ ተከለከለና በረኛ በስተርጅና እግር ተማር ተባለ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ኳስ ይዞ ከስምንት ሴኮንድ በላይ ከቆየ ለተቃራኒው የማዕዘን ምት ይሰጣል። ሕጉ በተሻሻለ ቁጥር የሚከብደው የአንድ ሰው ኑሮ ነው። ለአጥቂ ያከበዱበትን ሕግ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

ከመካከላችን አንዱ አሜሪካ አገር ዘመድ አለው። ዘመድየው ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ለማስረዳት በስልክ ብዙ ደክሟል፤ እኛም ለመረዳት ደክመናል። አንድ ነገር ግን ገብቶናል። ከዘጠኙ ተጫዋቾች ስምንቱ ወደ መቺው ሲያዩ አንዱ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን በብረት ሸፍኖ፣ ሜዳውን ሁሉ ከፊቱ ዘርግቶ ያያል። ካቸር ይሉታል፤ ቀላቢ እንበለው። የሚወረወረውን እሱ ይቀልባል፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር በጣቱ ምልክት ያዛል፣ ጉልበቱ ያልቃል። የኛ ፍጻሜ በተደረገበት ዘመን የኒውዮርኩ ዮጊ ቤራ በዚህ ሥራ ታዋቂ ነበር፤ በተጫዋችነት አሥር ጊዜ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ በልቷል፣ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተብሏል። እዚያ አገር እንግዲህ ቀላቢን ኮከብ ያደርጉታል። ለነገሩ ቤራ መምታትም ይችል ነበር፤ ምናልባት ያወጣው እሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፉ እኛ ልጆች ነበርን። የቡራዩ ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቶች ከበሩ። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር፣ ከሻምፒዮኗ ጋር ነበር። ቀኑን አሁን ስናየው ይገርመናል፤ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ጊላሚካኤል ዋንጫ ባነሳበት ቀን ልክ በ51 ዓመቱ! በዚያን ቀን ይህን ያሰበ ሰው ከነበረ እኛ ጆሮ አልደረሰም።

በሩ ላይ የኢትዮጵያ ቡናው ጀማል ጣሰው ቆሟል። መጀመሪያ ሳላዲን ሰዒድ የመታውን ፍጹም ቅጣት ምት የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነ። በረኛ ጀግና የሚሆነው በዚህች ብቻ ነው፤ ጀግናው ግን የእነሱ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ፣ 35ኛው ደቂቃ ግድም፣ ጀማል ከበሩ ወጥቶ ረጅም ኳስ ሊያጸዳ ሄደ፤ እግሩ የዛምቢያውን ቺሳምባ ሉንጉን አገኘው። ቀይ ካርድ። ዲ.ኤስ.ቲቪ ቤቱ ውስጥ የተሰደበውን ስድብ እዚህ አንጽፈውም። የቅዱስ ጊዮርጊሱ ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ ከእረፍት በፊት ምቤሱማ አገባበት፤ ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ በ65ኛው አቻ አደረገን። በአሥር ሰው 1 ለ 1። አገር ጨፈረ፤ እኛም ቡራዩ አስፋልት ላይ ጨፈርን፤ የአዳነን ስም እየጠራን። ዘሪሁንን የጠራ አልነበረም። አንድ ሰዓት ያህል በጎደሎ ቡድን በር ጠብቆ አንድ ብቻ የገባበት እሱ መሆኑ የታወሰን አሁን ይህን ስንጽፍ ነው።

ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ያውም የእነሱ በረኛ በቀይ ወጥቶ። የመጨረሻው ከናይጄሪያ ጋር ጥር 21 ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት ነበር። ተራው የደደቢቱ ሲሳይ ባንጫ ነው፤ በሦስት ጨዋታ ሦስተኛው በረኛ። እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ቆየ። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። መጨረሻው ላይ ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ሲሳይም በቀይ ወጣ። ተቀያሪ አልቋል። ማን ይቁም? አማካዩ አዲስ ሕንጻ መለያ ቀይሮ፣ ጓንት አጥልቆ በሩ መሐል ቆመ። ሞሰስ መታ፣ ገባ።

ይህን ስናይ የሳቅን ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ግን አልሳቀም። እሱ የኛ በረኛ ነበር፤ መጨረሻ የቀረው ልጅ። ሌላው ሁሉ በተራ ሲቆም እሱ እንደ ሥራ ይዞት ቀርቷል። «አዲስ ሕንጻ አሁን ነው የገባው» አለ። ምን እንደገባው አላብራራም።

ብዙ ሰው የኢትዮጵያ ችግር በረኛ ነው ይላል። እኛ ደግሞ ይህ ነገር ትንሽ ግራ ያጋባናል። በረኛ የሚሆነው ልጅ ማንም ያልፈለገው ከሆነ፣ ጎል ሲገባ የሚሰደበው እሱ ከሆነ፣ የሚወድቅበት ሜዳ ጠጠር ከሆነ፣ ችግሩ የት ጀመረ? የአገራችን ትልልቅ ክለቦች መልሱን ከውጭ ፈለጉት። ቅዱስ ጊዮርጊስ በር ላይ ዩጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ለዓመታት ቆመ፤ ክለቡ በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሲሆን ጓንቱ የኦዶንካራ ነበር። ከሱ በኋላ ኬንያዊው ፓትሪክ ማታሲ መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ ዩጋንዳዊ፣ ቻርልስ ሉክዋጎ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሊጉን ሲበላ በሩን የያዘው ማሊያዊው ሳማኬ ነው። ክለቦቹን አንወቅስም፤ ዋንጫ የሚፈልግ ክለብ የሚያድን በረኛ ይገዛል፣ ያዳኑም ናቸው። ግን የሊጉ ትልቅ በር በእንግዳ ሲያዝ ጀማሪው የት ቆሞ ይሳሳት? አጥቂ በ80ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገብቶ ይማራል። በረኛ እንዲህ አይቀየርም፤ ሁለተኛ በረኛ ማለት ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ተስፋው ትንንሾቹ ክለቦች ነበሩ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የኛዎቹ ጭምር። ሰበታ ድሮ ሜታ አቦ ቢራ በአንደኛው ሊግ ይጫወት ነበር። በኋላ ሰበታ ከተማ በ2012 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ መጥቶ በ2014 ወረደ፤ ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ወጣ ብሎ በዚያው ዓመት ተመለሰ። ቡራዩ ከተማም በታችኛው ሊግ ተጫውቷል። ክለብ በወረደ ቁጥር አጥቂው ሌላ ክለብ ያገኛል። በረኛው ግን የሚያገኘው አንድ ክፍት ቦታ ካለ ነው፤ በአንድ ክለብ የአንደኛ በረኛ ወንበር አንድ ነውና።

የኛ በረኛ አንድ ጊዜ ለሙከራ ሄዶ ነበር። የክለቡን ስም አንጠራም። በጠዋት ተነስቶ፣ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የተገዛ ጓንት ይዞ ሄደ። ስድሳ ግድም ልጆች ነበሩ አለን፤ በረኞቹ ዘጠኝ። የሜዳ ተጫዋቾቹ ግጥሚያ ተደርጎላቸው ታዩ። በረኞቹን በአንድ መስመር አቁመው ቁመታቸውን ለኩና ሦስቱን አስቀርተው ስድስቱን ሸኙ። የእኛው አንድ ኳስ እንኳ አልተመታበትም። ጓንቱን ሳያጠልቅ ተመለሰ፤ ዱቤውን ሁላችንም አዋጥተን ከፈልን። ታክሲ ውስጥ ምን እያሰበ እንደመጣ ስንጠይቀው «ቢገባብኝ ይሻለኝ ነበር» አለ።

ስለ ጊላሚካኤል የጠየቀንም እሱው ነው። መልሱን ካገኘን በኋላ ወደ አዛውንቱ ተመልሰን ነገርናቸው። «ጊላ!» አሉና ጭናቸውን መቱ። «ምን ሆኜ ነው እሱን የረሳሁት?» ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ፤ በዚህኛው ከበሩ ጀመሩ።

አሁን ሜዳችን ግማሹ ቤት ተሠርቶበታል። አካባቢው ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ነው፤ ገፈርሳ ጉጄ የሚባል ክፍለ ከተማም አለ። የቀረችው ሜዳ ላይ ያ ጓደኛችን ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት አራት ልጆችን አወዳደቅ ያስተምራል። በጎን እንጂ በሆድ አይወደቅም፤ ኳሷን በጣት ሳይሆን በመዳፍና በደረት ነው፤ መጀመሪያ እግር ይንቀሳቀስ፣ እጅ በኋላ። ጠጠሩን ከነሱ ጋር ሆኖ ይለቅማል። ከአራቱ ሦስቱ በየሳምንቱ አጥቂ መሆን ነው የምንፈልገው ይሉታል። አራተኛው እስካሁን ምንም አላለም።